እማማን ሲያሟጥጣቸው እያየሁ ነው፤ መስኮት ላይ ሆኜ ምን ላድርግ?

ቴለሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነው የምሠራው፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባንኩንም ቅርንጫፉንም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነውና። አዲስ አበባ ነው፤ ይኼ ይበቃል።

አንዲት ደንበኛ አሉን። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ትምህርት ቤት በጽዳት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከጡረታው ሌላ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ያከራያሉ። ጅዳ ያለችው ልጃቸውም አልፎ አልፎ ትልክላቸው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

እማማ በየወሩ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ይመጣሉ። ጥበቃው በሩን ሲከፍት እሳቸው ደጃፉ ላይ ናቸው። ደብተሩ በመሐረብ ተጠቅልሏል፤ መሐረቡ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ነው የሚፈቱት። ሁለት ሺህ ብር ይጠይቃሉ፣ እሱም ባለ መቶ ባለ መቶው ብቻ። ባለሁለት መቶውን ባለሱቁ ዝርዝር የለኝም ይላቸዋል። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት "ስንት ቀረኝ?" ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩን ቀስ ብለው ለራሳቸው ይደግሙታል፣ "ተመስገን" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ያንን ቁጥር አልረሱትም። አንዴ በሠላሳ ብር ተሳስቼ ነግሬያቸው አርመውኛል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ብር ግን ይቆጥራሉ።

ከኅዳር ወዲህ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። የእህታቸው የልጅ ልጅ ነኝ የሚል ወጣት አብሯቸው አለ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ እሳቸው ቤት ነው የሚኖረው። ሰው አክባሪ ነው፤ ለጥበቃው እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። ደብተሩ አሁን የሱ ጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። የወጪ ቅጹን እሱ ይሞላል። እሳቸውን ስጠይቅ እሱ ይመልሳል። ኅዳር ላይ 5,000 ብር፣ ታኅሣሥ 8,000፣ ጥር 15,000 አወጡ። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ጊዜ መምጣት ጀመሩ። ባለ መቶ ብሩም ቀረ፤ ሁሉም ባለሁለት መቶ ሆነ። የእማማ ጫማ ግን ያው ኮንጎው ነው።

የካቲት ላይ እንደ ልማዳቸው "ስንት ቀረኝ?" አሉኝ። አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ። "ነገርኩሽ አይደል? ቤት እነግርሻለሁ።" እማማ እኔን ትተው እሱን አዩት። ከዚያ አሻራ ሲሆን አንጓቸውን ይዞ ጣታቸውን ራሱ ጫነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጣታቸውን ሰው ይዞላቸው አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ "ስልኳ ጠፍቷል፣ ሞባይል ባንኪንግ በኔ ቁጥር ክፈቱላት" አለ። "ሲስተም የለም" ብዬ መለስኩት። ሲስተም ነበረ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲስተም የለም ብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ውክልና እያወጡ መሆኑን ነገረኝ፤ "ከዚህ በኋላ እሷን አላመላልሳትም" አለኝ።

ለሥራ አስኪያጃችን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። "የሂሳቡ ባለቤት ራሳቸው ቆመው አሻራ አድርገዋል፣ ልጁ ቤተሰብ ነው፣ የደንበኛ ምስጢር የሚባል ነገር አለ፣ ደግሞ ወረፋውን እዪው" አለኝ።

ባንክ፣ ሕግ ወይም ማኅበራዊ ሥራ ላይ ያላችሁ ንገሩኝ። ነገር እየፈለግሁ ነው ወይስ ያየሁት እውነት ነው? እውነት ከሆነ እንጀራዬን ሳላጣ ምን ማድረግ እችላለሁ? ውክልናው ከመጣስ ዝም ብዬ ልከፍል ነው?

ዝምታ

እህት፣ የሰው ገበና ውስጥ አትግቢ። ልጁ ባይኖር ማን ያያቸዋል? ጅዳ ያለችው ልጅ? አያቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ካርዷም የይለፍ ቁጥሯም እኔ ጋ ነበር። ወተቷን፣ መድኃኒቷን፣ ዳይፐሯን የምገዛው በዚያ ነበር። ሌባ አይደለሁም። ሰው የገዛ ዘመዱን ሲረዳ በጥርጣሬ የምታዩ ሰዎች በዝታችኋል።

ጡረተኛው ኦዲተር

ባንክ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የመጨረሻውን አሥራ ሁለት ዓመት በቁጥጥር ክፍል። ልጄ፣ ነገር ፈላጊ አይደለሽም።

ከላይ ያለው ወንድም ግን የተናገረው አይጣልም። እኔም የእናቴን ካርድ ይዤ ነበር። ሽንኩርት ሳይቀር በደብተር እጽፍ ነበር፤ ሚስቴ ትስቅብኝ ነበር። እናቴን ግን "ስንት አለሽ?" ብትያት ትነግርሽ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ካርዱን ማን ያዘው የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የገንዘቡ ባለቤት ታውቃለች ወይ? ስትጠይቅ ይነገራታል ወይ? ያንቺ እማማ ግን ካንቺ አፍ እንዳይሰሙ ተደርገዋል። ሰው የሚረዳ ልጅ ቀሪ ሂሳብ ቢነገር ምን ይጎዳዋል?

አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ለቁጥጥር የሄድኩበት ቅርንጫፍ አንድ የቀድሞ ወታደር መጡ። ሦስት መቶ ብር ፈለጉ፣ በደብተር። ደብተሩ ከታተመ ቆይቷል። ልጅቷ ማተሚያው ውስጥ አስገባችው። ማተሚያው መምታት ጀመረ፤ አላቆመም። አንድ ገጽ ሞላ፣ ገለበጠችው፣ ሁለተኛውም ሞላ። ሽማግሌው "ተበላሸባችሁ እንዴ?" አሉ። ማተሚያው ደህና ነበር። ሁሉም የኤቲኤም ወጪ ነው፤ ሁሉም ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም በቀን የሚፈቀደው መጠን ድረስ። እሳቸው ኤቲኤም ነክተው አያውቁም። ካርዱን ያስወጣላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር፣ "ለወረፋ ይጠቅምዎታል" ብሎ። የካርድ መረከቢያው ላይ የሳቸው አሻራ አለ። ካርዱን አስረክባ አሻራ ያስደረገችው ሠራተኛም ወረፋው ረዝሞባት ነበር።

አሁን ወዳንቺ። መጀመሪያ ብቻቸውን አግኚያቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ሰበብ መፍጠርም አያስፈልግሽም፤ የፊርማ ናሙና ካርድ ማደስ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሂሳብን ከፋይዳ ጋር ማያያዝ አለ። "እማማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ አንተ እዚህ ጠብቅ።" እንደ ተራ ሥራ ተናገሪው፣ ድምፅሽ አይቀየር።

ስትጠይቂያቸው "ይሰርቅዎታል ወይ?" እንዳትዪ። አይ ይሉሻል። የገዛ ደማቸውን ሌባ የሚል ማን አለ? ደብተሩ ማታ የት ነው የሚያድረው በያቸው። የወጣው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። እኛ ባንኮች ዝም ማለት አንችልም፣ ቶሎ ቀጣዩን እንጠራለን።

ለሥራ አስኪያጁ በቃል አትንገሪው፣ በማስታወሻ ጻፊለት። ቀን፣ መጠን፣ የተባለው ቃል እንደተባለው። "ሌባ" የሚል ቃል አይኑርበት። "አንጓቸውን ይዞ ጣታቸውን ጫነ" ብለሽ ጻፊ፤ ይበቃል። በቃል እምቢ ያለ ሰው ወረቀት ሲመጣበት ደግሞ ያስባል፤ ነገ ኦዲተር እንደሚያነበው ያውቃላ። ማጭበርበር ከሸተተሽ አጠራጣሪ ግብይት የሚመለከተው ኮምፕሊያንስ ክፍል አለ፤ ከ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 780 ጀምሮ ሕጉ ያንን በባንኮች ላይ ግዴታ አድርጎታል። ይኼን ስታደርጊ ግን ለልጁ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ሞባይሉን በሌላ ሰው ቁጥር አትክፈቺ። ያ ከተከፈተ እማማ ሁለተኛ መስኮትሽ ላይ አይመጡም፤ ምን እንደሆኑም አታውቂም። ክፍያውን ግን አትከልክያቸው፣ ገንዘቡ የሳቸው ነው። ክፈዪ፤ ቆጥረሽ በሳቸው እጅ ላይ አስቀምጪ። እሱ እጁን ቢዘረጋም በሳቸው እጅ።

ዝምታ

እሺ ጋሼ፣ ቀሪ ሂሳቡን መከልከሉ ልክ አይደለም። እኔ አላደረግሁትም።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል። አጭር ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ገንዘቡ አይታየንም፤ የሚታየን መድኃኒቱ ነው። ዓመታት ሙሉ ቀጠሮ ያላዛነፉ እናት ድንገት ግፊታቸው ይወጣል። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?" ስትያቸው አብሯቸው የመጣው ሰው "አዎ" ይላል። ብልቃጡን አምጡ ስንል ባዶ ነው፣ ወይ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ አልተገዛም። እኔ ሁልጊዜ ክብደት ልመዝን ብዬ ነው ለብቻ የማስገባቸው። ሚዛኑ መጋረጃ ጀርባ ነው። እዚያ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። እማማ የሚከታተሉት በሽታ ካለ እሱንም ጠይቂያቸው።

ሰነድ

ጠበቃ ነኝ፤ ቀደም ሲል ሰነዶች ማረጋገጫ ሠርቻለሁ፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው ቤት። እህቴ፣ ስለ ውክልናው ጠይቀሻል፤ በሱ ላይ ላተኩር።

ሰው "ጠቅላላ ውክልና" ሲባል ሁሉን የሚያስችል ይመስለዋል። አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ የሚለው ሌላ ነው። በቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የተበደረን መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ይኼ ቁጥር 2205 ነው። ባንኮችም ብዙውን ጊዜ "ከባንክ ገንዘብ ማውጣት" የሚል ቃል በግልጽ ካላዩ አይከፍሉም። ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣ ማኅተሙን ብቻ አትዪ፣ ቃሉን አንብቢ። "መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ" የሚል ካየሽ ጉዳዩ ከባንክ ደብተር አልፎ ቤቱ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። "እየረሳች ስለሆነ ነው ውክልና ያስፈለገው" የሚል ዘመድ ብዙ ገጥሞኛል። የሚሰጡትን የማያውቁ ከሆነ ውክልና መስጠትም አይችሉም። ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ የተሰጠውም ውክልና ይቀራል። ያ ዘመድ የተናገረው በራሱ ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሰነድ የሚያረጋግጠው ሰው የፈራሚውን ችሎታ፣ መብትና ሥልጣን ማጣራት አለበት። ማጣራት ማለት መታወቂያ ማየት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አንድ ቀን አንድ አባት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጡ። ሰነዱ የቤት ስጦታ ነው። ልጆቹን "ውጭ ጠብቁ" አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። አባትየውን "አባባ፣ ዛሬ ምን ሊያደርጉ መጡ?" አልኳቸው። "የመብራት ቆጣሪውን በልጄ ስም ላዞር" አሉኝ። ሰነዱን አነበብኩላቸው። እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ኮፍያቸውን አነሱና ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። "ቆጣሪው ይቆይ" ብለው ወጡ። ልጆቹን አልሰደቡም፣ አብረው ታክሲ ይዘው ሄዱ። በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም፣ ቁጥር 2443። ያ ማለት በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ቤት ውስጥ በተጻፈ ወረቀት ላይ የእማማን አሻራ ወስዶ ቢሆንስ? ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም፣ ቁጥር 1728። እማማን "ወረቀት ላይ አስደርጎዎታል?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ብዙዎች በፍርሃት "ፈርሜያለሁና አለቀልኝ" ብለው ነው የሚቀመጡት።

ውክልና ከሰጡም ባሰኛቸው ጊዜ ይሽሩታል። ምክንያት ማቅረብ የለባቸውም። ሲሽሩ ግን ለባንኩ በጽሑፍ ይድረስ፣ አለዚያ እናንተ በአሮጌው ወረቀት ትከፍላላችሁ። ወኪል ሂሳብ የማቅረብ ግዴታም አለበት፤ ይኼን ሲሰማ ራሱ ትቶት የሚሄድ አይቻለሁ።

ወንጀሉ እምነት ማጉደል ወይም ማታለል ሊሆን ይችላል፣ የወንጀል ሕጉ 675 እና 692። በፍርድ መከልከል የሚባለውን ግን አሁን አታስቡት። አንድን ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ እንዳያዝ ማድረግ ነው፤ ሠላሳ ብር ለሚያርሙ እናት አይሆንም።

ቴለሯ

@ሰነድ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቤቱ ካርታ የት እንዳለ እንኳ አላሰብኩም ነበር። @የማታ ተረኛ ሚዛኑን ወድጄዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም የኔ እህት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ። መጀመሪያ ቤት ለቤት አረጋውያን ስንከባከብ ቆይቼ፣ አሁን ጉዳያቸውን የምከታተል ሠራተኛ ነኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባንክ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠረ ባንኩ ማሳወቅ አለበት፤ ለአዋቂዎች ጥበቃ ቢሮ ወይም ለፖሊስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥልጠና ወስደው በቅንነት ያመለከቱ የባንክ ሰዎች እንዳይከሰሱ የሚከላከል የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። ስለዚህ ያንቺ ሥራ አስኪያጅ ያለው "የደንበኛ ምስጢር" እዚህ መልስ አይሆንም። ግን እዚህ ያሉ አበሾች ደህና ናቸው እንዳትዪ።

የኛ ሰው እዚህ የሚጠመደው በቋንቋ ነው። አንድ አባት ነበሩኝ። ባንክም ክሊኒክም የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ነው። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ አባት አንድ ደቂቃ ሙሉ ይናገራሉ፣ ልጅ "ደህና ነኝ ነው የሚለው" ይላል። አማርኛ ስለምሰማ ነው ያወቅሁት። አባትየው ያሉት "ካርዴን ካየሁ ስምንት ወሬ ነው" ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያስተርጉም ሲሉኝ እሺ አልልም፣ የስልክ አስተርጓሚ ነው የማስደውለው። እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ግን ሰው አይጠይቅም። ልጁ እዚያው ቆሞ እያለ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል።

እኚህ አባት ፖሊስ አልፈለጉም። የጥበቃ ቢሮው ሰውም መጀመሪያ የጠየቃቸው "እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?" ብሎ ነው። አእምሮው ደህና የሆነ ሰው እርዳታውን እምቢ ማለት ይችላል፣ መብቱ ነው። እሳቸው የፈለጉት ካርዱን ብቻ ነው። ልጁ የውክልና ወረቀት አወጣ። የመንግሥት ጡረታና ድጎማ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ግን ውክልና አይቀበልም፤ ሌላ ሰው ገንዘቡን እንዲቀበልላቸው ከተፈለገ ራሱ ቢሮው ነው የሚሾመው። ካርዱ ተመለሰ። ልጁ ግማሽ ዓመት አላናገራቸውም። አባትየው በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ሰው አጡ። እኔ ነበርኩ የምወስዳቸው፤ ሥራዬ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ነው።

ይኼን የምነግርሽ ልታስቢበት ነው። እማማ ጋ ልጁ ቢሄድ ማታ ማን አለ? ውኃ ማን ይቀዳል? ይኼን ሳታውቂ አትጀምሪ። ብዙ ጊዜ እንደተዘረፉ ያውቃሉ። ብቻቸውን ከመሆን ስለሚሻላቸው ነው ዝም የሚሉት።

ቴለሯ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሚያዝያ ሆነ።

እንደተባልኩት አደረግሁ። "እማማ፣ ፋይዳዎን እናያይዝ" ብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ልጁ ተነሳ፤ ጥበቃችን "አንተ ተቀመጥ፣ ሻይ ላምጣልህ?" አለው። ማንም አልነገረውም። ያ ጥበቃ ከኔ በፊት ሳያይ አልቀረም።

"ደብተሩ ማታ የት ነው የሚያድረው?" አልኳቸው። ሳቁ። "እሱ ጋ ነዋ። ድሮ ትራሴ ሥር ነበር።" ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ አልኳቸው። ጣራው ሊቀየር ነው፣ ቆርቆሮ ተገዝቷል አሉኝ። ቆርቆሮውን አይተውታል ወይ ልል ነበር፤ ጋሼ ያሉት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ያገላብጣሉ፣ ቋጠሮ የለበትም። ከዚያ ራሳቸው "ሱቅ ነው ያለው ይለኛል" አሉ።

መግለጫውን አወጣሁና አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ከኅዳር ወዲህ የወጣው 74,000 ብር ነው። "ስንት ቀረኝ?" አሉ። በመሃል ከገባው ጡረታ ጋር 31,400 አልኳቸው። ቁጥሩን ደገሙት። "ጥቅምት ላይ ዘጠና ስምንት ሺህ ብለሽኝ ነበር" አሉኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። ማሽኑ ላይ አየሁ፤ ልክ ናቸው። ልጃቸው የምትልከውም ከጥር ወዲህ በሱ ስም ነው የሚመጣው፣ "ለእማማ ይቀላል" ብሏት።

አላለቀሱም። "ፖሊስ አልፈልግም፣ የእህቴ ደም ነው። እሱ ከሄደ ማታ በር የሚዘጋልኝ የለም። ደብተሬን ብቻ" አሉ።

ማስታወሻውን በጋሼ አጻጻፍ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አነበበው፤ ደስ ብሎት ባይሆንም ፈረመበት። አሮጌው ደብተር ተሰርዞ አዲስ ወጣ። ሂሳቡ ላይ እማማ በአካል ሳይቀርቡ እንዳይከፈል፣ ቀሪው ለራሳቸው እንዲነበብ ተጻፈ። የሞባይሉ ጥያቄ ቀረ። መልእክት በራሳቸው ቁልፍ ስልክ እንዲገባ አደረግን፤ ስልኩ አልጠፋም ነበር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። የተከራይዋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ እሷ ታነብላቸዋለች።

ያላሰብኩት አንድ ነገር መጣ። በአዲሱ ደብተር ሊያወጡ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። የእድሩ ጸሐፊ ቤት ድረስ መጥተው ነበር ለካ። የሦስት ወር መዋጮ አልተከፈለም። ልጁ በየወሩ "ለእድሩ" ብሎ ወስዷል። ለ74,000ው ያላለቀሱት እናት ለዚህ መስኮቴ ላይ አለቀሱ። "እኔ! በእድር ስሜ ተጠራ! ስሞት በማን ልቀበር ነው?" ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጹን ለእሳቸው እኔ ስሞላ "እድሩን መጀመሪያ" አሉኝ፣ ሌላውን በኋላ።

ልጁ አሁንም ቤታቸው ነው። ውኃ ይቀዳል፣ በር ይዘጋል። ትናንት ብቻውን መጣ። ጸሐፊ ቤት የተተየበ የውክልና ረቂቅ ይዟል፣ ገና አልተፈረመም። "ይኼ ሲፈረም ትከፍሉኛላችሁ አይደል?" አለኝ። @ሰነድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ "መሸጥ፣ መለወጥ" ይላል። ማታ ለእማማ ደወልኩ። ሐሙስ ጠዋት ውልና ማስረጃ ልውሰድሽ ብሏቸዋል። "ቤቱንስ አልሰጥም፣ ግን ፊቱ ቆሜ እምቢ ማለት ይከብደኛል" አሉኝ።

ለሐሙስ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሞልቻለሁ።